የቢጫዋ አውሮፕላን ቡሽ

ጋሹ ቴክሳስ፣ ኧርቪንግ ውስጥ ሹፌር ነው። በመጠራጠር የሚስተካከለው የለም፤ ዘይት ለወጥንልህ ሲሉት መኪናው ሥር ተኝቶ ካላየ አያምንም። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ከካሮልተኑ ነርስ ከዩኑስ ጋር ተጋርቶ፣ ከእናቱ ቀድማ የተወለደች ቢጫ አውሮፕላን የገዛው።

ገላዋ ቀለም የጠጣ ጨርቅ ነው፤ ሞተሯም ፕሮፔለሩን በእጅ ካላዞሩላት አይነሳም። የነዳጅ መለኪያዋ ደግሞ ታንኩ ውስጥ በሚንሳፈፍ ቡሽ ላይ የተሰካ ሽቦ ነው፤ ነዳጁ ሲጎድል ሽቦው ዝቅ ይላል። የሸጡላቸው የቴክሳስ ሽማግሌ፣ "አንዴ ላም አጥር ዘላ ስትመጣባት ደንግጣ ብቻዋን በራለች" ብለው ምለዋል። ጋሹ ይህን አምኗል። ያላመነው ዩኑስን ነው።

ውላቸው አንድ ነበር፤ አንዱ ያለ ሌላው አያስነሳትም። ያፈረሰ እንደሆነ ትሸጣለች።

ሶ፣ ሽቦው በየሳምንቱ ዝቅ ሲል ጋሹ ዩኑስን ጠረጠረ። ከፍሪስኮ ወዲያ አውሮፕላኗ ወደምታድርበት ሃንጋር ሄዶ ከጎማዎቿ ሥር የሚስቱን ቀይ ጤፍ ዱቄት ነሰነሰ። ብትንቀሳቀስ ዱካዋ ያጋልጣል።

"ቤታችን አይጥ ገባ እንዴ?" አለችው ሚስቱ ሸዋረገድ፣ ዱቄቱ ጎድሎባት።

"ትልቅ ነው። ክንፍ አለው።"

በሳምንቱ በስልኩ መብራት ቢያይ ዱቄቱ ዱካ የለበትም። ሽቦው ግን ወርዷል። ወዲያው ዩኑስን ኮል አደረገው።

"ነዳጁን እየቀዳህ መኪናህን ነው የምታጠጣው?"

"ቀን ሰው መርፌ ስወጋ ውዬ፣ ማታ ነዳጅ የምመጥ ትንኝ አደረግኸኝ? ቅዳሜ እንገናኝ። ሌባ ከሆንኩ ትሸጥ።"

ቅዳሜ በትንሿ በር ገቡ። ዩኑስ እንጨት ታንኩ ውስጥ ነክሮ አወጣ፤ ነዳጁ እንዳለ ነው። ቡሹን ቢያወጡት፣ በዕድሜው ሙሉ ነዳጅ ሲጠጣ ኖሮ እንደ ራሰ ስፖንጅ ከብዷል። ሲሰምጥ የከረመው እሱ ነበር።

ጋሹ አንገቱን ደፋ። "ዩኒ፣ ይቅር በለኝ። ሰይጣን ነው።"

"ሰይጣን ምን አደረገህ፣ ቡሽ ነው" አለ ዩኑስ። ቶሎ ይቅር አለ፤ እጅግ ቶሎ። "በል ትልቁን በር ክፈትና እናውጣት።"

በሩ ሲከፈት ፀሐይ ወለሉን አጥለቀለቀችው። ጋሹ አጎነበሰ። ከጎማው ሥር ያለው ዱቄት ወተት መስሏል። ጣቱን አርሶ ቀመሰው፤ ስንዴ ነው። እሱ የነሰነሰው ቀይ ጤፍ ነበር፤ በርሮ የመለሳት ሰው ዱካውን በስንዴ ሸፍኖ፣ ነዳጁንም ሞልቷል።

"ምን ትቀምሳለህ?"

"ምንም። ቁርስ አልበላሁም።"

ቢናገር ትሸጣለች። ቀና ብሎ አያት፤ ቢጫ ክንፏ ጫፉ ፀሐይ ነክቶታል። ዩኑስ ስለ ነፋሱ ማውራት ጀመረ። ጋሹ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሌላ ደረቅ ቡሽ አውጥቶ ገጠመና አብራሪው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ፕሮፔለሩን አዙርልኝና አንተ እዚሁ ቆይ።"

"ብቻህን? ውላችንስ?"

"አንተማ ጠግበሃል" አለ ጋሹ ቀበቶውን እያሰረ። "እስክመለስ ቀይ ጤፍ ገዝተህ ጠብቀኝ። ሸዋረገድ ስለ አይጡ እየጠየቀችኝ ነው።"