የቀለጠው የባትሪ ጫፍ

ወንድሜ መህዲ ወደ ደሴ ሊሄድ ሲል የነገረኝን እስከ መጨረሻው አልሰማሁትም። ከምንኖርበት ከብሩክሄቨን ዶራቪል ወዳለው ሥራው የሚመላለሰው በሞተር ሳይክል ነው። ሁለት ወር ስለሚቆይ ባትሪውን ፈትቼ ቤት እንዳስገባ፣ አልፎ አልፎም ቻርጅ እንዳደርግለት ለመነኝ። «ስትፈቺ ጥቁሩን...» ብሎ ሲጀምር፣ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ የተማርኩት እኔ ነኝ ብዬ አቋረጥኩት።

በማግስቱ ሥራ ረፍዶብኝ እየተቻኮልኩ ፈታሁት። የመፍቻ ቁልፉን መጀመሪያ ያሳረፍኩት በቀዩ ገመድ ብሎን ላይ ነው። ቁልፉ የሞተሩን ብረት ሲነካ ቷ አለና ብልጭታው ዓይኔን አጥበረበረው። ሳየው ገመዱ የሚታሰርበት የባትሪው ጫፍ ቀልጦ ጎድጉዷል። ጥቁሩን ገመድ አስቀድሜ ብፈታው ኖሮ ቁልፉ ብረቱን ቢነካም ምንም አይፈጠርም ነበር። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ባትሪውን በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ረሳሁት ብል ውሸት ነው፤ ላየው ስላልፈለግኩ ነው ቻርጅ ሳላደርገው የከረመው።

መህዲ ተመልሶ ባትሪውን ሲገጥመው ሞተሩ አልነሳም። የቀለጠውን ጫፍ አየና በጋሽ ፍሬው ፈረደ። ባትሪውን በኅዳር የሸጡለት እሳቸው ናቸው፤ ዶራቪል ትንሽ ጋራዥ አላቸው። «ሽማግሌው አሮጌውን አዲስ ነው ብለው ሸወዱኝ» አለ። ሞተሩን በጓደኛው ፒክአፕ ጭነን ወደ ጋራዡ ስንሄድም እውነቱን አልነገርኩትም።

ጋሽ ፍሬው ሲከሰሱ አልተቆጡም። የቀለጠውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ማን እንደፈታው ጠየቁ።

«ሊና ናት» አለ መህዲ። «እሷ እኮ ኢንጂነር ናት፣ ጋሼ። እሷ አታበላሽም።»

ጋሽ ፍሬው አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ «እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው» አሉና አዲስ ባትሪ ከመደርደሪያ አወረዱ። መህዲ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ አላልኩሽም ማለቱ ነው።

«ይመልሱት፣ ጋሽ ፍሬው» አልኩ። «ቀዩን አስቀድሜ የፈታሁት እኔ ነኝ። ሁለት ወርም ቻርጅ አላደረግኩትም።»

መህዲ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ሲጠይቃቸው ድምፁ አይሰማም ነበር። በኔ ፋንታ ያፈረው እሱ ሆነ።

ጋሽ ፍሬው ባትሪውን አልመለሱትም። የመፍቻ ቁልፍ ሰጡኝ።

«በይ ግጠሚው። ሲፈታ ጥቁሩ ይቀድማል፤ ሲገጠም ደግሞ ቀዩ ይቀድማል፣ ጥቁሩ መጨረሻ። ብሎኑን አጥብቂው እንጂ አታስጨንቂው።»

የማውቀውን ነበር የሚነግሩኝ። ሳላቋርጣቸው እስኪጨርሱ ጠበቅኩ።