አልጋ ያልወጣበት ሰፈር

በዚያ ዓመት ድሬዳዋ ውስጥ ቤት የማይሠራ ሰው ማግኘት ቤት ከመሥራት ይከብድ ነበር። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ሟቹን አልቅሶ ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የስሚንቶ ዋጋ ይጠይቃል። ፍየሎች እንኳ የአሸዋ ክምር ላይ ወጥተው ሲቆሙ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ይመስላሉ። ቤቱን ሠርቶ የጨረሰውም አልጨረሰም፤ ነገ ፎቅ እጨምርበታለሁ ብሎ ፌሮውን ከጣሪያው በላይ እንዳፈጠጠ ይተወዋል። ከሩቅ ለሚያየው አዲሱ ሰፈር በሙሉ ደንግጦ ፀጉሩ የቆመ ይመስላል።

ይህን ሁሉ አይቶ ያልተደነቀ ሰው ቢኖር መጋላ ውስጥ ሽርጥና አቡጀዲ የሚሸጠው ሃሺ ነው።

«ልስን ነው አቦ!» ይላል፣ ጠየቁትም አልጠየቁትም። «ይሄ ሁሉ ልስን ነው። በጥፍርህ ፋቅ ብታደርገው ከሥሩ ጭቃ ነው።»

እንዲህ የሚለው ዝም ብሎ አልነበረም። በጣልያን ጊዜም ከተማው እንዲሁ ግንብ በግንብ ሆኖ ነበር። ሃሺም ያን ጊዜ ጎረምሳ ነጋዴ ስለነበር፣ ከሱቁ ፊት ለፊት በሚሠራው ትልቅ ሕንፃ ተማምኖ ዕቃ በዕቃ ላይ ከመረ። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ አሠሪውም ሠሪውም ሄደ፤ ሕንፃውን ፍየል ገባበት። ፍየል ደግሞ ሽርጥ አይገዛም፤ ካገኘ ይበላል እንጂ።

አስተያየቱን ይዞ በሰላም በኖረ ነበር፤ ግን ጉሌድ የሚባል ግንበኛ የሃሺን ልጅ ሃዎን ወዶ ሽማግሌ ላከበት። ሃዎ ደግሞ እናቷ ከሞተች በኋላ ሃሺ ብቻውን ያሳደጋት፣ ያለችው አንድ ልጅ ናት።

የሽማግሌዎቹ መሪ ዋርፋ ነበር፤ ግመል ሻጭ፣ ጢሙ በሂና የቀላ፣ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ሳይናገር የማይረካ ሰው። ከሃሺ ወገን ደግሞ ጎረቤቱ ወልደጻድቅ ተቀምጧል፤ ከምድር ባቡር በጡረታ የወጣ የደጋ ሰው ነው፤ ከሃሺ ጋር ሳይከራከር የዋለበትን ቀን እንደ ዋለ አይቆጥረውም።

«ልጁ ጨዋ ነው» አለ ዋርፋ። «ሠራተኛ ነው። ጨዋ ነው።»

«ልጁን አልጠላሁም» አለ ሃሺ። «የጠላሁት ሥራውን ነው። ግንብ አንድ ቀን ያልቃል። ያኔ ወይ ልጄን ይዞብኝ ጅቡቲ ይሻገራል፣ ወይ እኔ ደጃፍ ቁጭ ብሎ ጣቱን ይቆጥራል።»

«ኧረ አንተ ሰው!» አለ ወልደጻድቅ። «ከተማው እያደገ ነው እኮ! ዓይን የለህም? በየባቡሩ የሚራገፈውን ስሚንቶ አታይም?»

«ስሚንቶ የሚያሳየው ስሚንቶ መኖሩን ነው። ሰው መኖሩን በምን ታውቃለህ?»

ወልደጻድቅ እንዲያግዘው ፊቱን ወደ ዋርፋ አዞረ። ሃሺ ይህን ሲያይ ልቡ ሞቀ፤ ልቡ የሞቀ ነጋዴ ደግሞ ያልታሰበ ነገር ከመናገር አይመለስም።

«ስሙኝ» አለ። «አሁን ግንቦት ነው። በግንቦት ድሬ ላይ ቤት ውስጥ የሚያድር ሬሳ ብቻ ነው። ሰው የሆነ ሁሉ ማግሪብ ሲል አልጋውን ተሸክሞ ደጅ ያወጣል። እኔና ወልደጻድቅ ነገ ማታ አዲሱን ሰፈር እንዞራለን። አልጋ ደጅ ከወጣ ሰው አለ፤ ሰው ካለ ከተማው እውነት ነው፤ ልጄን እሰጣለሁ። አልጋ ከሌለ ግን የተሠራው ለፍየል ነው፤ ጉሌድም ሌላ ሥራ ይፈልግ፣ አለዚያ ሌላ ልጅ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በድሬዳዋ ሙቀት የሚከራከር ስለሌለ ማንም አልተከራከረም። ዋርፋም «ፍርድ ነው» አለ፤ ሦስት ጊዜ።

ከመጋረጃው በስተጀርባ ግን ሃዎ ብቅ አለች። «አባ፣ ሰው ልጁን ዘመድ ቆጥሮ ይድራል። አንተ አልጋ ቆጥረህ ልትድረኝ ነው?»

«አልጋ አይዋሽም» አለ ሃሺ።

«ባይኖርስ?»

ሃሺ ኮፍያውን አስተካከለ። ሃዎም ስታኮርፍ የእናቷ ዓይነት ስለሆነች፣ ሃሺ በዚያ ምሽት እራቱን የበላው ከግድግዳው ጋር እየተያየ ነው። ጉሌድ ድንጋይ ሊያስጭን ከከተማው ውጭ ቢዮ አዋሌ ሄዶ ስለነበር ስለዚህ ፍርድ የሰማው ነገር የለም።

በማግሥቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ሃሺ ሰግዶ ወጣና ሁለቱ ጎረቤታሞች ደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ተሻግረው አዲሱ ሰፈር ገቡ። ከመጋላ ሲወጡ መንገዱ ሁሉ በጠፍር አልጋ ተዘግቶ፣ የሰው ትራስ ላለመርገጥ እግራቸውን እያነሱ ነበር ያለፉት። አዲሱ ሰፈር ግን ጭር ብሏል። መስኮቱ ዝግ። ግቢው የአሸዋ ክምርና የተሰበረ ባሬላ። አልጋ የሚባል የለም።

«አንድ ቤት ነው» አለ ወልደጻድቅ።

ሁለተኛውም፣ ከዚያ የሚቀጥለውም ያው ነው። ምድር ቤት ያሉት ሰፋፊ ክፍሎች በራቸው ተቆልፎ አቧራ ጠጥቷል።

«የሰው ሳቅ የሰማሁ መሰለኝ» አለ ወልደጻድቅ ቆም ብሎ።

«የመጋላ ነው። ንፋስ አምጥቶት ነው።»

ወልደጻድቅ እርምጃውን አፈጠነ። የሚያስጨንቀው ነገር ነበረው፤ የጡረታ ጥሪቱን ሙጥጥ አድርጎ እዚሁ ሰፈር ጥግ ላይ ሁለት ሰርቪስ ክፍል እያሠራ ነበር፤ ለሃሺ ግን አልነገረውም። ሃሺ ይህን ባያውቅም የወዳጁን ፊት አይቶ መቀለድ አቃተው። ሃያ ዓመት ሙሉ ልክ ነኝ ሲል የኖረ ሰው ልክ ሆኖ ሲገኝ ይደሰታል ተብሎ ይጠበቃል። እሱ ግን በየባዶው ግቢ ባለፈ ቁጥር የሃዎ ፊት ይመጣበታል። አንድ አልጋ፣ አንድ የተሰባበረ አልጋ እንኳ ባይ ምን አለ ብሎ ሲመኝ ራሱን አገኘው። ተናደደ።

በዚህ መሀል ነው ከላይ ውሃ የወረደበት።

«ያ አላህ!» ብሎ ዘለለ። ኮፍያው፣ ጢሙ፣ ትከሻው ራሰ። ቀና ሲል ከጣሪያው ጫፍ አንዲት ወጣት ሴት ባልዲ ይዛ ቁልቁል ታየዋለች።

«ውይ አባባ! አይቀየሙኝ! በዚህ ሰዓት ታች ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም!»

«አንቺስ እላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ወለሉን እየረጨሁ ነዋ! ቀን የጠጣውን ፀሐይ ካላበረድኩለት አልጋው ላይ እንደ ቂጣ ነው የምገለበጠው።»

ሃሺና ወልደጻድቅ ተያዩ። ሃሺ ዕድሜውን በቆርቆሮ ሥር የኖረ ሰው ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ደግሞ በድሬ ፀሐይ ድመትም አይረግጥም። ጣሪያ ላይ አልጋ ይወጣል ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም። የእነዚህ ቤቶች ጣሪያ ግን ፎቅ እስኪጨመርባቸው ድረስ የተዘረጋ የስሚንቶ ሶሌታ ነው፤ ሜዳ ማለት ነው።

የግንበኞቹን መሰላል ይዘው ወጡ፤ ወልደጻድቅ በየደረጃው አምላኩን እየጠራ፣ ሃሺ ሽርጡን በጥርሱ ነክሶ። ላይ ደርሰው ቀና ሲሉ ሁለቱም መሰላሉን እንደጨበጡ ቀሩ። እስከ ደቻቱ ድረስ ያለው ጣሪያ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው። ፌሮው ላይ ሽርጥ ተሰቅሏል፣ ፋኖስ ተንጠልጥሏል። ሰው ከጣሪያ ጣሪያ ይሰዳደባል፣ ጨው ይዋዋሳል፣ «አልጋህን ወደዚያ አስጠጋ!» ይባባላል።

«ሃይ ሃይ! ይኸው!» አለ ወልደጻድቅ፤ ሰርቪሶቹ ትዝ ብለውት ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

ሃሺ ግን በቀላሉ አልተያዘም። በቅርብ የተጋደመውን ሰው «ሥራህ ምንድነው?» አለው።

«ለሳኝ።»

«አንተስ?»

«ፌሮ ሠሪ።»

«አናጢ» አለ ሦስተኛው ሳይጠየቅ።

«አየህ!» ሃሺ ወደ ወዳጁ ዞረ። «ሠሪዎቹ የሚያድሩበትን ነው የሚሠሩት! ሥራው ያቆመ ቀን ሁሉም አልጋውን ተሸክሞ ይወርዳል። አንቺስ ልጄ፣ ምን ትለስኛለሽ?»

ባለ ባልዲዋ ሳቀች። «እኔስ ጥጥ ፋብሪካ ነኝ። ተሻለች እባላለሁ። እዚህ ጥግ ያለነው ሴቶች ሁሉ እዚያው ነን። ያኛው ጣሪያ የባቡር ጋራዥ ነው፣ የዚያ ማዶው ፀጉር አስተካካይና ባለ ዳቦ ቤት። ያ ጨለማው ግን እውነትዎን ነው፣ ባዶ ነው፤ ባለቤቱ ኪራይ አብዝቶ ከነግንቡ ተኮራርፏል።»

«አንድ ባዶ አገኘሁ» አለ ሃሺ፤ ድምፁ ውስጥ ግን ጉልበት አልነበረም።

«እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው» አለች ተሻለች። «ቀኑን ሙሉ ክር ስፈትል እውላለሁ፣ አንሶላ ስፈልግ ግን መጋላ ድረስ ነው የምሄደው። ደቻቱ ሲሞላማ ያለ አንሶላ እተኛለሁ። ታች ያለው ክፍል እኮ ለሱቅ የተሠራ ነው። ነጋዴዎቹን ‹ኑ› ብንላቸው፣ መጋላ አንድ ሽማግሌ አለ አሉ፣ ‹ልስን ነው› እያለ ሁሉንም ያስፈራል።»

ወልደጻድቅ በሳል አሳብቦ ፊቱን አዞረ።

ሃሺ ከጢሙ ላይ የቀረውን ውሃ ጠረገ። ቁልቁል ተቆልፈው የተደረደሩትን በሮች አየ፤ ከዚያ ጣሪያዎቹን አየ፤ በመጨረሻም ተሻለችን።

«ሽማግሌው ያልሽው ሰው» አለ፣ «አንሶላ ስንት ክንድ ይበቃሻል ብሎሻል።»

በሦስተኛው ቀን ጉሌድ ከቢዮ አዋሌ ድንጋዩን አስጭኖ ሲመለስ፣ አዲሱ ሰፈር ምድር ቤት ውስጥ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ግድግዳ በክንዱ ሲለካ አገኘ። ማን እንደሆነ ሲያውቅ አቧራውን ከራሱ ላይ አራገፈና እንደ አጎት አከበረው።

«አዴር ሃሺ! ሰላም ነው? ምን ትፈልጋለህ?»

«መደርደሪያ የሚደገፍበት ግድግዳ» አለ ሃሺ ሳይዞር። «ይሄን ማነው የገነባው? ወደ ግራ አጋድሏል።»

ጉሌድ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰ። «እኔ ነኝ፣ አዴር።»

«እንግዲያው ከሠርግህ በፊት አቃናልኝ» አለ ሃሺ፣ መለካቱንም ቀጠለ።