ዘይት የማይነካው ፍሪሲዮን

የአባቴ ሞተር ሳይክል ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ፍሪሲዮኗ ደረቅ ነው። እንደ ሌሎቹ ሞተሮች ዘይት ውስጥ ተነክሮ አይሠራም። ስለዚህ የፍሪሲዮኑን እጀታ በጨበጥኩ ቁጥር ውስጥ ያሉት ዲስኮች እየተላተሙ ጠጠር እንደሞላው ጣሳ ይንኳኳሉ። አዳማ ላይ በሰፈራችን ይህን ድምፅ የማያውቅ የለም። “ያቤጽ ወጣ”፣ “ያቤጽ ገባ” ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አንገቱ ላይ ቃጭል የታሰረለት ፍየል ሆኜ ነው የምኖረው።

አባቴ አቶ ፈቃዱ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ የሕንፃ መሣሪያ መደብር አላቸው። እዚያ ሚስማር የምመዝነው እኔ ነኝ። ሞተሯም የእሳቸው፣ የምተኛበት ክፍልም የእሳቸው ነው። ተቆጥተውኝ አያውቁም። መቆጣታቸው ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ መልስ እሰጣቸው ነበር።

ፍቅረኛዬ ደራርቱ አቦምሳ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ናት። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ የሰባት ዓመት ልጅም አላት። “ዕቃ ላደርስ” እያልኩ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ጋ መመላለስ ከጀመርኩ ዓመት አልፎኛል። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። በመጨረሻ እሷን መረራት። “የፊታችን ቅዳሜ ምሳ አባቴ ቤት ነህ፤ ዘመዶቼም ይኖራሉ። ካልመጣህ ሁለተኛ አትምጣ” አለችኝ።

ያን ቅዳሜ ደግሞ አባቴ “መደብሩ ውስጥ አንተ ትውላለህ” ብለውኛል። ሰበብ አልነበረኝም። መናኸሪያ ብሄድ አባቴን የማያውቅ ረዳት የለም። ሞተሯን ገፍቼ ልውጣ ብል “ተበላሸባችሁ?” ብሎ አባቴን የሚጠራ ጎረቤት አይጠፋም። ያ መንኳኳት ከጠፋ ግን ሰፈሩ ውስጥ ካሉት ሃያ ሞተሮች አንዷ ናት፤ ማንም ቀና ብሎ አያያትም።

ሐሙስ ዕለት ኑሬ ጋራዥ ወሰድኳት።

“አካም ያቤጽ” አለና ጎንበስ ብሎ አዳመጣት። “ይሄ በሽታ አይደለም፣ ጠባይዋ ነው። ዲስኮቹ ተበልተዋል፤ አዲስ ብቀይርላት፣ የሚቀመጡበትንም ቤት በሞረድ ባስተካክልላት ይቀንሳል። ጨርሶ ግን አይጠፋም።”

“መቼ ይደርሳል?”

“ዲስኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት። እስከዚያ ስትቆም ማርሹን ነፃ አድርግና እጀታውን ልቀቀው፤ ያኔ ዝም ትላለች። ዘይት ግን እንዳታስነካት።”

“ለምን?”

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው የሚሆንብህ” ብሎ ሳቀ።

እኔ መደብር ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። ማጠፊያ ሲንቋቋ ዘይት፣ ቁልፍ ሲያስቸግር ዘይት፣ ሰንሰለት ሲጮህ ዘይት። ኑሬ ሥራውን ሊያስረዝም ነው ብዬ ጠረጠርኩት። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በፍሪሲዮኑ ክዳን ቀዳዳ ግማሽ ብርጭቆ የሞተር ዘይት አንጠባጠብኩበት። እጀታውን ጨበጥኩ። ዝም አለች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የመደብሩን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ወጣሁ። አባቴ ክፍላቸው ውስጥ እየጸለዩ ነበር። በመስኮታቸው ሥር አለፍኩ፤ ጸሎታቸውን አላቋረጡም። ሜዳው ላይ በደንብ ሄደች፤ የአዋሽን ድልድይ እየዘፈንኩ ተሻገርኩ።

ወደ ዴራ የሚያወጣው ዳገት ላይ ሞተሩ መጮህ ጀመረ፤ ጎማው ግን አልሰማውም። ነዳጅ በጨመርኩ ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ከክዳኑ ጭስ ወጣ። ከዚያ ጭራሽ ቆመች። ለካ ዲስኮቹ ተናክሰው የሚጎትቱት ደረቅ ስለሆኑ ነው፤ ዘይት ሲነካቸው ይንሸራተታሉ።

የሚያልፉት ሚኒባሶች ሞልተዋል። አንድ ቦታ የቀረው ግን “አንድ ሰው!” እያለ ቆመልኝ፤ የአባቴን ሞተር መንገድ ላይ ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። ቀጥሎ የቆመው የሲሚንቶ መኪና ሹፌር የመደብራችን ደንበኛ ነበር። “አይዞህ፣ ለአባትህ ደውዬላቸዋለሁ” አለኝ፤ ትልቅ ውለታ የዋለልኝ መስሎት።

አራት ሰዓት ገደማ አባቴ በፒካፓቸው ደረሱ። ወርደው ክዳኑን አሸተቱ።

“ዘይት አፍስሰህበታል።”

“አዎ አባባ።”

“እንዳልሰማ?”

ክዳኑ ላይ የቀረውን ዘይት በእጅጌዬ ጠረግሁ።

“አቦምሳ ስላለችው ሴት ከነገሩኝ ቆይቷል” አሉ። “ልጅ እንዳላትም አውቃለሁ። ደስ አላለኝም፤ አልዋሽህም። ግን ከራስህ አፍ ልስማው ብዬ ጠበቅኩህ። ዛሬ እየጠበቁህ ነው?”

“ምሳ ጠርተውኛል።”

አስፋልቱን ወደ ላይም ወደ ታችም አዩት። “ወደዚያ ከሆነ ሞተሯን ዴራ አስቀምጠን በመኪናዬ አደርስሃለሁ። ከፈለግክ አብሬህ እገባለሁ፤ ካልፈለግክ ውጭ እጠብቅሃለሁ። ወደ ቤት ከሆነ ገመድ ይዣለሁ።”

ዓመት ሙሉ የከለከሉኝ እሳቸው ይመስሉኝ ነበር። አሁን ከልካይ የለም፤ እግሬ ግን አልተነሳም። ከደራርቱ አባት ፊት ቆሜ “ሚስቴ ትሁን፤ ልጇም ልጄ ናት” ስል ታየኝ፤ ከዚያ በኋላ የማሳብበው ሰው አይኖረኝም። ፈራሁ። ሌላ ምክንያት ስፈልግ ቆየሁ፤ የለኝም።

“ቤት” አልኩ።

“አስበህ ነው?”

“ቤት ይሻላል፣ አባባ።”

ገመዱን አውጥተው ከፒካፑ ኋላ አሰሩት።

በገመድ የሚጎተት ሞተር ላይ ሁለት እጅህን መልቀቅ ቀርቶ አንዱንም ማላላት አትችልም። ቁልቁለቱን እንደጀመርን ስልኬ ደረት ኪሴ ውስጥ ጠራ፤ ደራርቱ መሆን አለባት። ጥሩምባ ብነፋ አባቴ ይቆሙ ነበር። አልነፋሁም። አራት ጊዜ ጠራ። የአዋሽ ድልድይ ላይ ስንደርስ ዝም አለ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠራም።