እነሆኝ ያላለው ሰው

«እግዜር ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራው፤ ወንድሜም ቀና ብሎ 'እነሆኝ' አለ። በቃ፣ እንደ ሳቀ ሄደ።»

አጎቷ ይህን ለመጣ ለቀስተኛ ሁሉ ሲያወራ አንዲት ቃል አይስትም። ሰዎቹ ከንፈራቸውን እየመጠጡ ወደ እሷ ይዞራሉ። «ታድለሽ! እንዲህ ያለ አሟሟት ለስንቱ ይሰጣል?»

የሟቹ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አንገቷን ደፍታለች። በአንድ ጎኗ ግድግዳው፣ በሌላው ጎኗ አክስቷ፣ ፊት ለፊቷ የሰው ጉልበት። ልነሳ ስትል «ቁጭ በይ እንጂ፣ ሐዘንተኛ አይደለሽ?» ብለው ጎትተው ያስቀምጧታል። መስኮቱም ብርድ እንዳይመታት ተብሎ ተዘግቷል።

አባቷ ሲሞት የሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ የነበረችው እሷ ብቻ ናት። አጎቷ ኮሪደሩ ላይ ከሐኪሙ ጋር ያወራ ነበር። ሲገባ ሁሉም ነገር አልቋል። «ምን አለ?» ብሎ ጠየቃት። የእሷን ዝምታ እሱ በራሱ ቃል ሞላው። ቃሉም ከሆስፒታል ወደ ቀብር፣ ከቀብር ወደዚህ ቤት ተከትሏቸው መጣ። አሁን ሰባኪው ለመታሰቢያው ስብከት ርዕስ አድርጎታል። እሷ የምታለቅስለት ሰው ጠፋባት፤ ሁሉም የሚያለቅሰው አጎቷ ለሠራው ሰውዬ ነው።

የእሷ አባት የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር ነበር፤ ቀልደኛ። «መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ብታገላብጪው ነገሩ አንድ ነው» ይላት ነበር እራት ላይ፣ ማንኪያውን እያወዛወዘ። «እግዜር ሰውየውን ይጠራዋል፤ እሱ ይርዳል፤ 'እኔ አልሆንም' ይላል። ሙሴ ምላሴ ይከብዳል አለ። ኤርምያስ ልጅ ነኝ አለ። ጌዴዎን ተሸሽጎ ስንዴ ሲወቃ ተገኘ። ዮናስማ ጭራሽ መርከብ ተሳፈረ!» ራሱ ቀልዶ ራሱ ይስቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «መላእክቱ ገና ብቅ ሲሉ 'አትፍራ' የሚሉት ወደው ነው? ያልፈራን ሰው አትፍራ አይሉትም።»

ከምሳ በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ጎረቤታቸው ባለሱቋ ገባች። የልብስ ሰፊዋን አባት የገደለው በሽታ እሷንም ይዟት ቀሚሷ ሰፍቷታል። አጎቷ ገና ሳትቀመጥ ጀመረላት፤ እግዜር ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራው፣ ወንድሜም ቀና ብሎ...

«አንተ አጠገቡ ነበርክ?» አለችው።

«እኔማ... ኮሪደር ላይ...»

«እንግዲያው ልጅቷን ልጠይቅ።» ዞረች። «ልጄ፣ ለወሬ አይደለም የመጣሁት። የኔም ተራ እየደረሰ ነው። ፈርቶ ነበር ወይ?»

አክስቷ ጭኗን ቆነጠጠቻት። ልብስ ሰፊዋ አጎቷን አየችው፤ በዓይኑ ይለምናታል።

«ፈርቶ ነበር» አለች። «'ልጄ፣ ፈራሁ' አለኝ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣውም።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«'አይዞህ አባዬ' አልኩት። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ባለሱቋ ግድግዳውን ተደገፈች። ትንፋሿ ቀስ እያለ ወጣ። «እሱ ከፈራ እኔ ብፈራ አያሳፍርም» አለች። «ቀብሩ ላይ ያንን 'እነሆኝ' ከሰማሁ ወዲህ፣ እኔ ምን ጎድሎኝ ነው እንዲህ የምንቀጠቀጠው እያልኩ እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር።»

አጎቷ ተነስቶ ወጣ።

«ምን ነካሽ?» አለች አክስቷ። ልብስ ሰፊዋ ግን ተነሳች። የሰው ጉልበት እየተሰበሰበ መንገድ ለቀቀላት፤ የጎተታትም የለም።

አጎቷ ግቢው ውስጥ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ቆሟል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ድምፁ ከሞተር ይበልጥ ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ አልሰማ አላት።

«ለምን አልጠራሽኝም? ከበሩ ወዲያ እኮ ነበርኩ።»

«እጄን ይዞ አልለቅ አለኝ፣ ጋሼ። በሩ ጋ መድረስ አልቻልኩም።»

«የኔን ስም አንስቶ ነበር?»

ልትዋሽለት አሰበች። «አላነሳም» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። እንባው ጺሙ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም። ወደ እሷ ሲዞር ሸሚዙን አየችው፤ ቁልፎቹ ቦታቸውን ስተው አንዱ ኮሌታ ወደ ጆሮው ወጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ ያን ሁሉ ሰው ሲቀበል አንድም የነገረው የለም። ቀረበችና ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ ፈታቻቸው፤ ከዚያ ኮሌታውን አስተካክላ፣ እሱ እንደ ልጅ አገጩን ቀና አድርጎላት፣ እንደገና ቆለፈችለት።