የጥልፍ ክፍሉ ኢንተርኔት

«ተወው አልኩህ እኮ! ተቋርጧል፣ ይቋረጥ» አለች ሚስትየው ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እያንጠለጠለች። ክር ልትገዛ መውጣቷ ነበር።

«እሺ፣ እሺ፣ ትተነዋል» አላት ባልየው። በሩ ከኋላዋ እንደተዘጋ ግን ተነስቶ የመሣሪያ ሳጥኑን ፍለጋ ጓዳ ገባ።

ሰውየው ከረጅም ትዳሩ የተማረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሚስቱ «ተወው» ስትል «እስካሁን ሳታደርገው እንዴት ቆየህ?» ማለቷ እንደሆነ ነው። የወጥ ቤቱን ቧንቧ «ተወው» ባለችው ጊዜ እውነት መስሎት ትቶት፣ ሳምንቱን ሙሉ የተኮሳተረ ፊት ሲያይ ከርሟል። ስለዚህ አሁን የጥልፍ ክፍሏ ኢንተርኔት መቋረጡን ስትነግረው፣ እሱ የሰማው ልመና ነው። ኮስተር ብሎ የቀረበ፣ ግን ልመና።

ሥራው መኪና መንዳት ማስተማር ነው። ጓደኞቹ «ፍሬን» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ ተማሪ አጠገብ ተቀምጦ ሲሳቀቅ ስለኖረ ቀኝ እግሩ አመል አውጥቷል፤ ሶፋ ላይም ይሁን ሲኒማ ቤት፣ አንድ ነገር ካስደነገጠው ወለሉን ይረግጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ሰዎች እሱ ቤት ይመጣሉ። አንደኛው መሬት ቀያሽ ነው፤ ስለ ማንኛውም ነገር ሲናገር ልኩን ሳይናገር ስለማያልፍ «ሜትር» ይባላል። ሁለተኛው የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ባንክ ውስጥ የሚሠራው ነው። እሱ ደግሞ አዲስ ነገር ወጣ ሲባል ስልኩንም ሰዓቱንም ካልቀየረ እንቅልፍ አይወስደውም፤ «አፕዴት» ተብሎ ቀርቷል። ሦስቱም ኮምፒውተር ተምረው አያውቁም። ይወዱታል እንጂ፤ ሰው ኳስ እንደሚወደው። ልዩነቱ፣ ኳስ የሚወድ ሰው ከዳር ሆኖ ይጮሃል እንጂ ሜዳ ገብቶ አይመታም። እነዚህ ግን ይገባሉ።

ፍሬን ሳጥኑን ይዞ ሲመለስ ሻዩ ገና አላለቀም ነበርና ቁጭ አለ። የዕለቱ ወሬ ደግሞ የሚያስነሳ አልነበረም። የጥልፍ ንድፍ መሳያ ፕሮግራም የሚሠራ አንድ ድርጅት፣ ለዓመታት ሲፎካከረው ከኖረው ሌላ ድርጅት ጋር ተዋህዷል። ፍሬን ይህንን ዜና ሳምንቱን ሙሉ ከስልኩ ላይ ሲለቅም ከርሞ ለጓደኞቹ ማቅረቡ ነው።

«ተዋሃደ አትበል» አለ ሜትር ሻዩን እያማሰለ። «ትልቁ ትንሹን ዋጠው በል። የእኔን የካርታ ፕሮግራምም እንደዚሁ ተዋሃድን ብለው አበሰሩን። አንድ ቀን ጠዋት ስከፍተው መልኩ ሌላ ሆኗል። የድሮ ካርታዎቼን ባሳየው እንደ ባዳ አየኝ።»

«አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ሙሾ!» አለ አፕዴት። «ከሁለቱም ደህና ደህናው ተመርጦ አንድ ላይ ሲሆን ምኑ ይከፋል?»

«መራጩ ማን ሆነና? የዋጠው ነዋ! ስማኝ፣ ይሄ ነገር ኢንተርኔት ባገኘ ቅጽበት አሮጌውን ራሱ ያጠፋል፣ አዲሱን ራሱ ያስገባል። ጌታዬ ልግባ ወይ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። አሮጌውን መልሼ ላውርድ ብትል ከድረ ገጻቸው አንስተውታል።»

«ስለዚህ መድኃኒቱ?»

«መድኃኒቱማ ኢንተርኔት አለማሳየት ነው።»

ፍሬን በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ በሚገባ ገብቶታል። ከዚያም ሻዩን ጨልጦ ሳጥኑን አነሳና፣ «በሉ ተነሱ፤ የጥልፍ ክፍሉን ኢንተርኔት ቶሎ እንቀጥልላትና እንመለሳለን» አላቸው።

ክፍሏ ጠባብ ናት። በአንድ ወገን ከኮምፒውተሩ ጋር የተያያዘው የጥልፍ መኪና ተቀምጧል፤ በሌላው ወገን ቁም ሣጥን። ግድግዳው ላይ ክሩ ሁሉ ከነጭ እስከ ጥቁር በየቀለሙ ተደርድሯል። ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ ላይ የተጠለፈ የዓርማ ናሙና አለ፤ አንድ ፋኖስና ግራና ቀኙን ያቀፉት ሁለት ቅጠሎች። በነርስነት የሚመረቁ ልጆች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሰው ልኮ ይወስደዋል። ከናሙናው በቀር አንዱም ገና አልተጠለፈም። ኮምፒውተሩ ላይ የዚያው ዓርማ ንድፍ ተከፍቶ ይታያል። ከሥሩ ደግሞ እስከዛሬ የሳለችው ሁሉ በየስሙ ተቀምጧል፤ ወፉ፣ አበባው፣ የመጋረጃው ጠርዝ፣ የሕፃናቱ አንሶላ።

አፕዴት የኢንተርኔቱን ሳጥን አጥፍቶ አበራው። ለውጥ የለም። እንደገና አጥፍቶ አበራው፤ አሁንም የለም።

«ማጥፋትና ማብራት ብቻ ነው የምታውቀው?» አለው ሜትር።

«ባንክ ቤት እንደዚህ ነው የምንሠራው።»

«ለካ ሰልፉ የማያልቀው ለዚህ ነው!»

ሜትር ራሱ በእንብርክኩ ሆኖ ገመዱን በእጁ እየለካ ተከተለው። ከጠረጴዛው ሥር ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ቁም ሣጥኑ ጀርባ ሄዶ እዚያ ጠፋ። ሦስቱም ተጋግዘው ቁም ሣጥኑን ገፉት። የገመዱ ጫፍ ከግድግዳው ሶኬት ተነቅሎ፣ በቀይ ክር ተጠቅልሎ፣ አንዲት ምስማር ላይ ታስሯል።

«ይሄ የአይጥ ሥራ አይደለም» አለ ሜትር መነጽሩን ከፍ አድርጎ። «አይጥ እንደዚህ ያለ ቋጠሮ አትቋጥርም።»

«ተነቅሎባት ጫፉ እንዳይጠፋ አስራው ነው» አለ ፍሬን በኩራት። «ሥርዓት ያላት ሴት ናት። በል ቁረጠው።»

አፕዴት ጠረጴዛው ላይ ያገኘውን መቀስ አነሳ።

«ኧረ የጨርቅ መቀሷን አትንካ! ልታስገድለን ነው?» አለው ፍሬን።

አፕዴት መቀሱን መልሶ ቀይዋን ክር በጥርሱ በጠሳት። ፍሬን ገመዱን ሶኬቱ ውስጥ ሰካው፤ ቀጭ አለ፤ አረንጓዴ መብራት በራ። ሦስቱም ተጨባበጡ።

በዚህ መሀል ኮምፒውተሩ ላይ የነበረው ፋኖስ ጠፋ። በምትኩ ትልልቅ ፊደል ወጣ፤ «አንድ ቤተሰብ ሆነናል! እንኳን ደህና መጡ።» ከሥሩ አንድ ሰማያዊ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረ።

«አያችሁ፣ ወዲያው አፕዴት ማድረግ ጀመረ!» አለ አፕዴት ደስ ብሎት።

ሜትር ግን አልሳቀም። «ምንድን ነው አፕዴት የሚሆነው?»

«የጥልፍ መሳያዋ ነዋ» አለ ፍሬን።

«የትኛው የጥልፍ መሳያ?»

የፍሬን ቀኝ እግር ወለሉን ረገጠ። መስመሩ ግን መኪና አይደለምና መሄዱን ቀጠለ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር ትዝ ያለው። ከጥቂት ቀናት በፊት እራት ላይ፣ «የነርሶቹን እስክጨርስ ኮምፒውተሬን ከኢንተርኔት ልለየው ነው፤ አለዚያ ይለውጡብኛል» ብላው ነበር። እሱም «ጥሩ ነው» ብሏታል። እንዲያ ሲላት ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር፤ የውህደቱን ዜና እያነበበ።

«ንቀለው!» ጮኸ ሜትር።

«እንዳትነቅለው!» ጮኸ አፕዴት። «መሀል ላይ ከተቋረጠ ሁለቱንም ታጣቸዋለህ!»

ፍሬን አንዴ ይህን አንዴ ያንን እያየ ቆመና ነቀለው። መስመሩ መሀል ላይ ደርቆ ቀረ።

«አሮጌው ተከራይ ለቅቋል» አለ ሜትር ስክሪኑን ጠጋ ብሎ እያየ። «አዲሱ ዕቃውን በር ላይ አራግፎ ቀርቷል።»

ሌላ መላ ስላልነበረ መልሰው ሰኩት። መስመሩ ሞላ፤ አዲሱ ፕሮግራም ተከፈተ። አምሯል፣ ማንም አይክደውም። አፕዴት የዓርማውን ንድፍ ጠቅ አደረገ። «ይህ ፋይል አይታወቅም» አለው። ወፉን ሞከረ፤ አይታወቅም። አበባው፣ አንሶላው፣ ሁሉም እዚያው አሉ፤ የሚያውቃቸው ግን ጠፋ። አፕዴት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሮጌው የሚመልስ ቁልፍ ፈለገ።

ሚስትየው የክር ከረጢቷን ይዛ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው አረንጓዴውን መብራት ነው። ቀጥላ የተገፋውን ቁም ሣጥን አየች። ከዚያ ሦስቱን።

«እንግዲህ እትዬ፣ እነዚህ ድርጅቶች ሲዋሃዱ...» ብሎ ጀመረ ሜትር።

«ድርጅቶቹ አይደሉም» አለ ፍሬን። «እኔ ነኝ የሰካሁት። ነግረሽኝም ነበር፤ አልሰማሁሽም።»

ከረጢቱን ቀስ ብላ ወንበር ላይ አኖረች። «የነርሶቹስ?»

«እሱም አይከፈትም።»

«ሌላውስ?»

አፕዴት ወፉን ጠቅ አድርጎ አሳያት፤ አይታወቅም። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ለሁሉም በቀለለ ነበር። ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ የተጠለፈውን ናሙና አነሳች፤ ከመሳቢያዋ ስስ ወረቀትና እርሳስ አወጣች። የጠረጴዛውን መብራት አስጠጋችና ወረቀቱን ናሙናው ላይ ዘርግታ የፋኖሱን አንገት መከተል ጀመረች። ከወረቀቱ ደግሞ በአዲሱ ፕሮግራም ላይ፣ መርፌው የሚወጋበትን እያንዳንዱን ቦታ እንደ አዲስ ልታሰፍር ነው። ሰኞ ከትምህርት ቤቱ የሚላከው ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ ሌላ መንገድ የለም።

ሦስቱ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ፍሬን እግሩን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ሜትር ቁም ሣጥኑን ወደ ቦታው ሊመልስ ነካ አደረገና ሲንቋቋ ተወው። መጨረሻ ላይ አፕዴት ጉሮሮውን ጠረገ።

«እቴቴ፣ ታዲያ እኛ ምን እናግዝሽ? ዝም ብለን ከምንቆም...»

እርሳሷን ሳታነሳ፣ ቀናም ሳትል መለሰችለት።

«ፍሪጁ እስካሁን ደህና እየሠራ ነው» አለች። «እሱን አላያችሁትም።»