«ፈልግ» የሚለው ቁልፍ

ዳግማዊት አርፎ መቀመጥ አልፈጠረባትም፤ ተረከዟ ከወንበሩ እግር ጋር ሲጣላ ይውላል። ዘንድሮ ግን ለላሊበላ እንግዳ ተቀባዮች ማኅበር ኮምፒውተር ላይ በሠራችው ፎርም ኮርታለች፦ ስም፣ አገርና ዕድሜ የሚሞላባቸው ሣጥኖች፣ ከሥራቸው «ፈልግ» የሚል ቁልፍ። ቁልፉ ሲነካ የትኛው የገና ምእመን ማን ቤት እንዳረፈ ይናገራል። ይናገራል ተብሎ ነበር እንግዲህ።

በዋዜማው ጠዋት እሱባለው የሚባል የሙጃ ገበሬ እያለከለከ ገባ።

«እህቴ፣ እናቴ ትናንት ሕዝቡ መሀል ጠፋችብኝ። ስልክ የላትም። የግፊት ኪኒኗ ደግሞ ይኸው፣ እኔ ጋ ቀረ!» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«ስማቸው?»

«ባንችይርጋ፣ ከሙጃ።»

«ዕድሜያቸውስ?»

«ኧረ እሷም አታውቀው!»

ዕድሜውን ባዶ ትታ ቁልፉን ነካች። ምንም። ደገመች። ምንም። እሱባለው ከበር እስከ መስኮት ይንቆራጠጣል።

ከቁልፉ ጀርባ የጻፈችውን ኮድ ከፈተች። ኮዱ የየሣጥኑን ቃል በ«እና» እየቀጠለ ለመዝገቡ ጥያቄ ይሠራል። ለካ ባዶውንም ሣጥን ቀጥሎታል፦ ስሟ ባንችይርጋ የሆነ፣ እና አገሯ ሙጃ የሆነ፣ እና ዕድሜ የሌላት ሴት ፈልግ! እንዲህ ያለች ሴት እንኳን በላስታ በዋድላም አትገኝ። ባዶውን ሣጥን ዝለለው የሚል መስመር ጨምራ ነካች።

አሁንም ምንም።

ስሙን አጥፍታ «ሙጃ» ብቻ ብትለው ሠላሳ አንድ ስም ተንጋጋ፦ ወለተ ማርያም፣ አመተ ሚካኤል፣ ወለተ ጊዮርጊስ... ግንባሯን መታች።

«ሰዉ ለበረከት መጥቶ የተመዘገበው በክርስትና ስሙ ነው! የእናትህ ማነው?»

እሱባለው አቀረቀረ። «እኔ እማዬ ነው የምላት።»

ለነፍስ አባታቸው ደወለ። የቄስ ገብረ ሊባኖስ ጩኸት ለዳግማዊትም ተሰማ፦ «አንተ ጉድ! ጡቷን ጠብተህ አድገህ ስሟን ከኔ ትጠይቃለህ? ወለተ ሐና!»

ሞላች፤ ነካች። አንድ መስመር ወጣ፦ አሳዳሪ ትርሐስ ምናለ፣ ከገበያው በታች።

እሱባለው በሩን በርግዶ በረረ። ኪኒኑስ? ጠረጴዛው ላይ! ዳግማዊት አፍሳ ተከተለችው።

እናትየው በትርሐስ ደጅ ላይ እግራቸውን እየታጠቡ ነበር። «አንተ ልጅ፣ የት ጠፍተህ ነው ስፈልግህ ያደርኩት?» አሉት።

ዳግማዊት ኪኒኑን በውሃ ሲውጡ ቆማ አየችና ተረከዟ ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ። ለጥቂት።

«እማማ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ምን ሊሠራልሽ?»

«ባዶ ሣጥን ቀርቶብኛል።»