አሥራ ስድስት ፍሬ

አወቀ ከደሴ የተመለሰው ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። ሲሄድ ሸሚዝ መልበስ የማይችል ሰው ነበር። ጀርባውና ደረቱ ውሃ በቋጠረ እብጠት ተሸፍኖ፣ እብጠቱ ሲፈነዳ ቆዳው እየተገፈፈ፣ ሚስቱ ይርገዱ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ነበር ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ይዛው የተሳፈረችው። ሆስፒታል ሃያ ስምንት ቀን ተኛ። ሲመለስ ግን ቁስሉ ደርቆ፣ ከመናኸሪያው እስከ ቤቱ ያለውን የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ ተራምዶ ገባ። ይርገዱ ዐይኗን አላመነችም። በየሰበቡ ሸሚዙን እየገለበች ጀርባውን ታየው ነበር።

ሐኪሙ «የራሱ ደም የራሱን ቆዳ እንደ ጠላት እያየ ነው የሚወጋው» ብሎ ነበር ያስረዳቸው። ይህን የሚያስታግሰው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ይባላል፤ ትንንሽ ነጭ ኪኒን ነው። ጠዋት ጠዋት፣ ምግብ ከበላ በኋላ፣ አሥራ ስድስት ፍሬ። «በራሳችሁ አንድም እንዳትቀንሱ፣ አንድም እንዳትጨምሩ» አላቸው። ስለ ጨው ነገራቸው፣ ስለ ጨጓራም ነገራቸው። ሌላም ነገር ተናግሮ ይሆናል፤ ያን ቀን የይርገዱ ጆሮ የያዘው «ይድናል» የሚለውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደስታ ነበሩ። የአወቀ ፊት ሞልቶ ክብ ሆነ፣ ጉንጩ ቀላ። ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ «ሆስፒታል ሰው ያወፍራል እንዴ!» እያለ ይስቃል። አወቀ ይበላል፤ በልቶም አይጠግብም።

ሁዳዴ ሲገባ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አወቀ ከልጅነቱ ጀምሮ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ነው። የንስሐ አባቱ መጥተው «መድኃኒት የያዘ ሰው ይብላ» ብለውታል፤ ስለዚህ መብላቱ አይደለም ይርገዱን ያስደነገጣት። ጎህ ሲቀድ ጓዳ ገብቶ፣ በቁሙ፣ የቀዘቀዘ ንፍሮ በሁለት እጁ እያፈሰ ወደ አፉ ሲወረውር አየችው። ዞሮ አያት። አላፈረም።

«ምን ታያለሽ?» አላት።

በአሥራ ሰባት ዓመት ትዳራቸው በዚያ ድምፅ ተናግሯት አያውቅም።

ከዚያ እንቅልፍ ጠፋው። ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያድርና ሰማዩ ሲገልጥ ሥራ ይጀምራል። በአንድ ሳምንት አጥሩን ነቅሎ እንደገና አጠረ፤ የበጎቹን ጋጣ አፍርሶ ሠራ፤ ያረሰውን ማሳ መልሶ አረሰ። ጎረቤት ተደነቀ። ይርገዱም መጀመሪያ ተደንቃ ነበር፤ በኋላ ግን እጁን አስተዋለች። ምንም ሳይዝ፣ ተቀምጦም ይንቀጠቀጣል። ውሃ በጆግ በጆግ ይጠጣል፣ ወዲያው ለሽንት ይወጣል፣ ተመልሶ ይጠጣል። ወሬውም ፈጠነ፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል።

ነገሩ የጠመመው በታናሽ ወንድሙ በባህሩ ላይ ነው። የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የባቄላ ማሳ ነው። አወቀ ሆስፒታል በተኛበት ጊዜ ከብቶቹን የጠበቀለት፣ እህሉን ወቅቶ ጎተራ ያስገባለት ባህሩ ነበር።

«ባህሩ ዛሬ ሦስት ጊዜ ወደዚህ አየ» አላት አንድ ቀን።

«ከብቶቹን ይሆናል የሚያየው።»

«ከብት በዚህ በኩል የለም።»

«አንተ ሰው፣ ወንድምህ እኮ ነው።»

«እሱን ነው የምልሽ። ይሞታል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ሳልሞት መጣሁበት።»

ይህን ያለው ፈገግ ብሎ ነው። ፊቱ ስለተነፋ ዐይኖቹ አንሰዋል፤ ፈገግታው የማታውቀው ሰው ፈገግታ መሰላት።

ልጃቸው ሉሊት መካነ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። አንድ ዐርብ ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ዘርግታ ስታጠና አባቷ ከኋላዋ መጥቶ ቆመ። የጂኦግራፊ ደብተር ነው፤ ስለ አፈር መሸርሸር ተጽፎበት፣ ወንዝና ተራራ ተሥሎበታል።

«ይሄ የኛ መሬት ነው» አለ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አሳርፎ።

«አይደለም አባዬ። አስተማሪያችን ነው ያሳለን።»

«ማን ላከሽ? ባህሩ ነው?»

ልጅቷ የቀለደ መስሏት ሳቀች። አወቀ ደብተሩን ከእጇ ወስዶ ቅጠል በቅጠል ይቀድደው ጀመር። አልተጣደፈም፤ አንዱን ገጽ አድቅቆ ሲጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሉሊት ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ ይሄ አባዬ አይደለም» አለች በሹክሹክታ።

በማግስቱ ይርገዱ ልጅቷን ከተማ፣ አክስቷ ቦጋለች ዘንድ ወስዳ አስቀመጠቻት። ለአወቀ «ፈተና ስለደረሰባት ነው» አለችው።

«ደግ አደረግሽ» አለ። «አንድ ጆሮ ቀነሰ።»

የዚያኑ ቀን ከጎተራው ጀርባ መቆፈር ጀመረ። «የእህል ጉድጓድ ነው» አላት። በአባቶቻቸው ጊዜ እህል በጉድጓድ ይቀመጥ እንደነበር ይርገዱም ታውቃለች። የእህል ጉድጓድ ግን አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። ይሄ ከአፉም ቀጭንና ረጅም ነበር። በማግስቱ እሁድ ነው፤ አወቀ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ደወሉ እየተሰማ ዶማውን ያነሳል፣ ይጥላል። ማታ ላይ ጉድጓዱ ደረቱ ድረስ ደርሶ ነበር።

«ይሄ የእህል ጉድጓድ አይመስልም» አለችው።

ከውስጥ ቀና ብሎ አያት። «ምን ይመስላል?»

ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች።

ሰኞ ማለዳ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ባህሩ ምንጩ አጠገብ ጠበቃት። «እታለም፣ ጋሼን ያሳበደው መድኃኒቱ ነው» አላት። «ቀምተን እንጣለውና ጸበል እንውሰደው። ነገ ሰው ይዤ እመጣለሁ። እምቢ ካለ አስረንም ቢሆን።»

ይርገዱ እሺ ልትል ምንም አልቀራትም። «ዛሬን ብቻ ታገሰኝ» አለችውና እንስራዋን ቤት አድርሳ ወደ ከተማ ወረደች። የሄደችው ወደ ኡሙልኸይር ነው፤ ደሴ ከመሄዱ በፊት የአወቀን ቁስል ስታጥብ የከረመች ነርስ ናት። ኡሙልኸይር እስክትጨርስ አላቋረጠቻትም። ከዚያ ጠየቀቻት። ስንት ሰዓት ይተኛል? ምን ያህል ይጠጣል? ስንት ጊዜ ይሸናል?

«እትዬ ይርገዱ፣ ይሄን የሚያደርገው መድኃኒቱ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሲበዛ አእምሮውን የሚነካው ሰው አለ። ስኳሩም ሳይወጣ አይቀርም።»

«እንግዲያ ልጣለው?»

«ያረቢ! እንዳይነኩት!» ኡሙልኸይር ክንዷን ያዘቻት። «ሰውነታችን እንዲህ ዓይነት ነገር ራሱ ይሠራል፣ በየቀኑ። ከውጭ በብዛት ሲገባለት ግን የራሱን መሥራት ይተዋል። አሁን መድኃኒቱን በአንዴ ቢያቋርጥ ደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ያስመልሰዋል፣ ይዝለፈለፋል። ጸበሉ ጋ ሳይደርስ ሊሞትብዎ ይችላል።»

«ቢውጠው ያብዳል። ቢተወው ይሞታል።» ይርገዱ መሬት መሬቱን አየች። «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

ኡሙልኸይር ደሴ ደወለች። ሐኪሙ ያለው አጭር ነበር፤ እንዳያቋርጥ፣ ብቻውን እንዳይሆን፣ ነገውኑ ይምጣ። በዚያ ሰሞን በጸጥታው ችግር መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋል። «በወረኢሉ በኩል ነገ መኪና አለ ይላሉ» አለች ኡሙልኸይር። «ከነገ ወዲያውን ግን አላውቅም። አብሽሩ፣ እትዬ ይርገዱ። አላህ ይርዳዎት።»

ይርገዱ እየሮጠችም እየተራመደችም ቤቷ ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ከጎተራው ጀርባ ድምፅ ሰማች።

ባህሩ ታግሶ መቆየት አልቻለም፤ ወንድሙን ብቻውን ሊያናግር መጥቶ ነበር። አወቀ ደስ ብሎት ተቀበለው። «ውረድና ጥልቀቱን ለካልኝ» አለው። ባህሩም እንዳያስቀይመው ብሎ ወረደ። ይርገዱ ስትደርስ ባህሩ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ የጉድጓዱ አፍ አንገቱ ጋ ነው። አወቀ ከላይ፣ ልክ ከራስጌው ቆሞ፣ ዶማውን በሁለት እጁ ይዟል።

«ጋሼ፣ እጅህን ስጠኝና ልውጣ» ይላል ባህሩ። ድምፁን ለማርጋት ይጥራል።

«ቆይ። አንዲት ነገር ንገረኝና ትወጣለህ። ከማን ጋር ነው የተማከራችሁት?»

ይርገዱ ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ብትጮኽ ዶማው እንደሚወርድ ገባት። ለምን እንዳለችው ኋላም አላወቀችውም፤ ረጋ ብላ ቀረበችና በለሆሳስ፣ «አወቀ፣ ሐኪሙ ደውሎ ነበር» አለችው። «የሚነግርህ ነገር አለ። ባህሩ እንዳይሰማ ብሎኛል።»

አወቀ ቀስ ብሎ ዞረ። ትንንሽ ዐይኖቹ ፊቷ ላይ ብዙ ቆዩ።

«እንዳይሰማ አለ?»

«ባህሩ በተለይ እንዳይሰማ አለ።»

«አላልኩሽም?» አለ አወቀ። ዶማውን እንደያዘ ወደ እሷ መጣ። ይርገዱ ፊቷን ሳታዞርበት፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች፣ እስከ ቤቱ በር አስከተለችው። ከትከሻው በላይ የባህሩ እጆች የጉድጓዱን አፍ ሲቧጥጡ፣ ከዚያ ሰውዬው በሆዱ ተስቦ ሲወጣና የባቄላውን ማሳ አቋርጦ ሲሮጥ አየች። ባህሩ እሷ ያለችውን ሁሉ ሰምቷል።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ስድስቱን ፍሬ ራሷ ቆጥራ ሰጠችው። መርዝ የምታበላው መሰላት። አውቶቡሱ ውስጥ አወቀ ከሐኪሙ የሚሰማውን ምሥጢር እያሰበ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ ያያል። ወረኢሉ ሊደርሱ ሲሉ በድንገት እጇን ያዘ።

«ይርገዱ፣ የት ነው የምትወስጂኝ?»

የጥንት ድምፁ ነበር።

«ወደ ሐኪሙ።»

«እንቅልፍ ብቻ ቢሰጡኝ» አለ። እንባው በክብ ጉንጩ ላይ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ እጇን ለቀቀና መልሶ ተሳፋሪውን ይቆጥር ጀመር።

ሆስፒታል ሲደርሱ ስኳሩ ከመጠን በላይ ወጥቶ ተገኘ። ኢንሱሊን ጀመሩለት፤ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጡት፤ ቆዳውን የሚያግዝ ሌላ ኪኒን ጨምረው ፕሬድኒሶሎኑን ጥቂት በጥቂት መቀነስ ያዙ። በአምስተኛው ቀን አወቀ ተኛ። አሥራ አራት ሰዓት ሳይገላበጥ ተኛ። ሲነቃ ጣራውን ብዙ አየና፣

«ባህሩ ከዚያ ወጣ?» አላት።

ይርገዱ ሁሉንም ረስቶት ቢሆን ብላ ስትለምን ነበር። አልረሳም። አንዲትም አልረሳም።

ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ጉድጓዱ ተደፍኖ አገኙት፤ ባህሩ ነው የደፈነው። አወቀ የወንድሙ እግር ላይ ወደቀ፤ ባህሩም አነሳው፣ ተቃቀፉ፣ ሁለቱም አለቀሱ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባህሩ ወንድሙ ቤት ሲመጣ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ይርገዱንም አንድ ቀን ለብቻዋ ጠየቃት። «ሐኪሙ ያን ቀን እውነት እንዲያ ብሎ ነበር?»

«አላለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

«አውቃለሁ» አለ ባህሩ። ቢሆንም ፊቷን አላየም።

ሉሊት ተመለሰች። የፍሬው ቁጥር አሥር ሆነ፣ ስድስት ሆነ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ አራት ደረሰ። የአወቀ ፊት ጎደለ፣ ስኳሩም ወረደ። ሐምሌ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ትከሻው ላይ ሁለት ውሃ የቋጠሩ እብጠቶች ወጡ። በማግስቱ አምስት ሆኑ።

ኡሙልኸይር ደሴ ደውላ የተባለችውን ነገረቻቸው፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ወደ ስምንት ከፍ ይበል፣ በሳምንቱ ይታይ።

«ስምንት ከአሥራ ስድስት ያንሳል» አለችው ይርገዱ።

አወቀ ራሱን ነቀነቀ። «ባለፈው ጊዜ ሲጀምረኝ አላወቅኩም» አላት። «አንቺ ያበድኩ ስመስልሽ እኔ ደኅና ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደኅና ሆኜ አላውቅም። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።»

ጠዋት ሉሊትን ቦጋለች ዘንድ ላካትና ባህሩን አስጠራው። ባህሩ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ ሲሉት አልገባም። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። አወቀ ስምንቱን ፍሬ መዳፉ ላይ አድርጎ ሁለቱን አያቸው።

«ደኅና ነኝ ስላችሁ እንዳታምኑኝ» አለ። «የሆነ ሰው እያየኝ ነው ካልኩ፣ የዚያን ዕለት ወደ ኡሙልኸይር ውሰዱኝ። ብቆጣም፣ ብለምንም።»

ፍሬዎቹን ወደ አፉ ጣለና በውሃ ዋጣቸው።

«እስኪጀምረው ስንት ቀን ነው የሚቆየው?» አለ ባህሩ ከበሩ ሳይነቃነቅ። የጠየቀው ይርገዱን ነው።

«ባለፈው ቤት በገባ በሁለት ሳምንቱ ነበር» አለች፤ ዐይኗን ከባሏ ፊት ላይ ሳታነሳ።